ወገራን ባዶ መሬት ያሉት

«አባባ፣ ፈረንጆች አሜሪካን የሚያህል አገር ጠቅልለው ሲይዙ፣ እኛ ዘንድ ለምን አልሆነላቸውም?»

ጠያቂዋ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትማር የልጅ ልጅ ናት። አያቷ የወገራ ተወላጅ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታሪክ አስተምረዋል። ፒያሳ አጠገብ ባለው ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ሳለ ያነሣችው ጥያቄ ለፈተና ዝግጅት ነበር። እሳቸው ግን በፈተና ወረቀት ላይ የሚሞላ አጭር መልስ አልሰጧትም።

«አልሆነላቸውም ከማለትሽ በፊት ሞክረዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ» አሏት። «ሞክረዋል። ገበሬያቸውን ከነቤተሰቡ አምጥተው ሊያሰፍሩ ያሰቡት ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለም፤ እዚሁ ወገራ ላይ ነው።»

ልጅቱ ሲኒውን አስቀመጠች። ስለ ጣሊያን ጦርነት፣ ስለ አርበኞቹ ተምራለች፤ ወገራ ላይ የጣሊያን ገበሬ ሊሰፍር ስለመታቀዱ ግን የሰማችው ነገር አልነበረም። አያቷ ወደ ወገራ ከመመለሳቸው በፊት አሜሪካን መረጡ። (ዓመታቱን የሚጠቅሱት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

«ቲስኳንተም የሚባል ሰው ነበር» ብለው ጀመሩ። «ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ፓቱክሴት በተባለ መንደር የሚኖር የዋምፓኖአግ ሰው ነው። በ1614 አንድ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ አታልሎ ከሌሎች ጋር አፈነውና ስፔን ወስዶ ለባርነት አቀረበው። ከዚያ እንደምንም አምልጦ ለንደን ገባ። እንግሊዝኛ ለመደ። በ1619 ወደ አገሩ የሚሄድ መርከብ አግኝቶ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ አንድ ሰው አላገኘም።»

«ገደሏቸው?»

«በሽታ ጨረሳቸው። ከ1616 ጀምሮ በዓሣ አጥማጆችና በነጋዴዎች መርከብ የገባ ወረርሽኝ ያንን ዳርቻ አጥፍቶት ነበር። የታረሰው እርሻ እንደታረሰ፣ ባለቤቶቹ ግን የሉም። በ1620 መጨረሻ ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ 102 መንገደኞች ይዛ መጣች፤ ፕሊመዝ ብለው የሰፈሩት ልክ በፓቱክሴት ላይ ነው። ጫካ መመንጠር አላስፈለጋቸውም። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉ አለቁ። የተረፉትን በቆሎ እንዴት እንደሚተከል፣ ከዘሩ ሥር ዓሣ እየቀበሩ መሬቱን እንዴት እንደሚያወፍሩት ያስተማራቸው ማን ይመስልሻል? ያው ቲስኳንተም። በሕዝቡ መቃብር ላይ የሰፈሩትን ሰዎች መግቦ፣ በ1622 እሱም ታሞ ሞተ።»

ሽማግሌው እዚህ ላይ ድምፃቸው ጠንከር አለ። ሰፋሪዎቹ ያዩትን ባዶነት እግዚአብሔር ለእነሱ ያዘጋጀው ስጦታ ነው ብለው መተርጎማቸው፣ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረት ሆነ ይላሉ። መሬቱ ባለቤት እንደነበረው የታረሰው ማሳ ራሱ ይመሰክር ነበር።

ተማሪዋ ዝም ብላ የምትቀበል አይደለችም። «ጀምስታውንስ? እሷ ከፕሊመዝ ትቀድማለች። እዚያ ደግሞ ሰው ሞልቶ ነበር» ስትል ተከራከረች።

አያቷ በጥያቄው ደስ አላቸው። «ስለዚህ ነዋ ሊወድቁ ትንሽ የቀራቸው!» በግንቦት 1607 ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ወንዶች ቨርጂንያ ላይ ወርደው ጀምስታውንን ቆረቆሩ። የላካቸው በለንደን ባለሀብቶች የተቋቋመ ኩባንያ ነበር፤ ወርቅ ፈልገው ወርቅ አላገኙም። አገሩ ፓውሃታን በሚባል ትልቅ አለቃ ሥር የተደራጀ ነበር። ሰፋሪዎቹ የሚበሉትን በቆሎ አንዴ በልዋጭ፣ አንዴ በዝርፊያ ከዚያው ሕዝብ ያገኙ ነበር። ከ1609 እስከ 1610 ባለው ክረምት አምስት መቶ ከሚሆኑት መካከል በሕይወት የተገኙት ስድሳ ያህል ብቻ ናቸው። በ1622 ደግሞ ባለአገሩ ተነሥቶ 347 ሰፋሪ ገደለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ፈረሰ፣ ንጉሡ ግዛቱን በእጁ አደረገ።

«ታዲያ ምን አዳናቸው?»

«ትምባሆና መርከብ። ትምባሆ ለንደን ላይ ገበያ አገኘ። ትምባሆ መሬት ያደክማል፤ ስለዚህ በየጊዜው አዲስ መሬት ይፈልጋል። ጉልበትም ይፈልጋል፤ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ተግዘው ቨርጂንያ ደረሱ። የሞተውን የሚተካ ሰው የጫነ መርከብ በየዓመቱ ይመጣል። በሌላው ወገን በሽታና ጦርነት የባለአገሩን ቁጥር እያመነመኑት ሄዱ። ባዶ ያልነበረውን አገር ባዶ አደረጉት ማለት ነው።»

ልጅቱ ዓመቶቹን በማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ አያቷ አንድ ነገር አከሉላት። ጀምስታውን በተቆረቆረበት በ1607 እዚህ ሱስንዮስ ነገሡ። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉበት 1636 ደግሞ፣ ፕሊመዝ አጠገብ ባለው በማሳቹሴትስ ግዛት የሃርቫርድ ኮሌጅ የተቋቋመበት ዓመት ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት በፓራጓይ ጓራኒ የተባለውን ሕዝብ በሚስዮን መንደር ማሰባሰብ በጀመሩበት ዘመን፣ የዚያው ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ ከሱስንዮስ ጋር ይወያይ ነበር።

«እዚህም ፈረንጅ የመጣው መስቀል ይዞ ነው» አሉ። «ሱስንዮስ ለሮማ ታዘዙ፤ በ1626 በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ማሉ። ሕዝቡ አመፀ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ሜንዴዝ ከተባረረ በኋላ የፖርቱጋል ጦር እንዲላክ ሲወተውት እንደነበር አትርሺ። ነገር ግን ያን ጊዜ የእርሻ መሬት የጠየቀ የለም። የመሬቱ ነገር የመጣው ከ250 ዓመት በኋላ፣ በሰሜን በኩል ነው።»

ከዚህ በኋላ የተናገሩት የፓቱክሴትን ታሪክ ወደ ቅርባችን ያመጣዋል። በ1887 ገደማ ጣሊያኖች ለምጽዋ ጦራቸው ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገባ። አገሩን አዳረሰው። ከመቶ ከብት ዘጠና ያህሉ ሞተ፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ተከተለ። ጎንደር በዚያው ዘመን፣ በ1888፣ በድርቡሾች ተቃጥላ ነበርና መከራው በእጥፍ ነበር። በኤርትራ ደጋ ሰው አልቆና ተሰዶ መሬት ጾም አደረ። ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የተባለው የጣሊያን ባለሥልጣን ይህን አይቶ ከአገሩ ገበሬዎችን ማስፈር ጀመረ፤ ከ1893 እስከ 1895 ቅኝ ገዢው መንግሥት ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት የራሱ አደረገ።

«አየሽው? በሬው በእነሱ በሽታ ሞተ፣ ሰውየው በበሬው ሞት ተራበ፣ ከዚያ መሬቱ ባዶ ነው ተባለ። ልዩነቱ ግን ይኼ ነው፤ የተሰደደው ተመለሰ። መጥቶ የአባቴ ርስት ነው አለ። ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1894 አካለ ጉዛይ ላይ ሲነሣ ከጥያቄዎቹ አንዱ መሬት ነበር። እሱ ሐላይ ላይ ወደቀ፤ የሰፈራው ዕቅድ ግን አላገገመም። ከዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ዓድዋ ሆነ።»

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ልጅቱ ስለ ወገራ ለመስማት ቸኩላለች።

ጣሊያኖች ጎንደርን የያዙት ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ነው። ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። ሙሶሊኒ የሚሊዮን ጣሊያናውያን ሰፈራ ያልም ነበር፤ ለዚህም የጣሊያንን የየክፍለ አገሩን ገበሬ ለየብቻው የሚያሰፍሩ ድርጅቶች ተቋቋሙ። የፑሊያዎቹ ለጨርጨር ተመደቡ፤ ከቬኔቶ የሚመጡት ለጅማ። ሮማኛ የሙሶሊኒ የትውልድ አገር ነው፤ በ1937 መጨረሻ የተቋቋመው «ሮማኛ ዲ ኢትዮጵያ» የደረሰው ወገራ ነበር። ውሉ ለድሃ ገበሬ የሚያጓጓ ነው፦ ድርጅቱ ቤትና መሳሪያ ያቀርባል፣ ገበሬው አርሶ ዕዳውን በዓመታት ይከፍላል፣ በመጨረሻ የመሬቱ ባለቤት ይሆናል።

«ማንን ጠይቀው?» አለች ልጅቱ።

«ጥያቄው እሱ ነው። ወገራ ገብስ የሚያበቅል፣ አየሩ ለፈረንጅ የሚስማማ ሜዳ ደጋ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ክረምት ካልሆነ በቀር የግጦሽ ሜዳ፣ ያልተያዘ አገር ይመስለዋል። ያ ሜዳ ግን ጾም የሚያድር ነው፤ በማን አያት በኩል ለማን እንደሚደርስ እያንዳንዱ ሰው ያውቀው ነበር። ርስት በአንድ ሰው እጅ ያለ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ያንን ሰው ማባበልም ማሰርም በቻሉ ነበር። ርስት ግን የመቶ ዘመድ ነገር ነበር። አንዱን ቢያስሩ ሌላው ይነሣል።»

ገበሬውን ጫካ ያስገባው መሬት ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌው ይህን አይሸሽጉም። መሣሪያ መግፈፉና ቤት ማቃጠሉም አለ። ባንዳ የገባም ብዙ ነበር። ቢሆንም መሬቴ ተለክቶ ለፈረንጅ ሊሰጥ ነው የሚለው ፍርሃት በጎጃምም በበጌምድርም ዐመፁን አፋፋመው። በ1938 ጎጃም ተነሣ፤ እዚህም እንደ አርማጭሆው ውብነህ አሞራው ያሉ አርበኞች የገጠሩን መንገድ ለጣሊያን አላስኬድ አሉት። ከምሽግ ወጥቶ ማረስ ከማይቻልበት አገር ማን ሚስቱንና ልጁን ያመጣል? የሮማኛ ሰፈራ ገና ከጅምሩ ቆመ። በመላ ኢትዮጵያም ለእርሻ የሰፈሩት ጣሊያናውያን ከጥቂት ሺህ አላለፉም፤ ጣሊያን ከዚህ ስንዴ እወስዳለሁ ብላ፣ እዚህ ላሉ ሰዎቿ ስንዴ ከውጭ ታስገባ ነበር። በሰኔ 1940 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የስዌዝ መስመር ተዘጋባት። ጀምስታውንን ያተረፈው መርከብ ለእነዚህ አልመጣም።

«ስለዚህ በሽታ ስላልጨረሰን ነው የዳንነው ልበል?»

«በከፊል አዎ። ፈንጣጣው ለእኛ አዲስ አልነበረም፤ ፈንጣጣ በ1520 የአዝቴኮችን ዋና ከተማ እንዴት እንዳደረገው ታውቂያለሽ። እኛ ሰውም ነበረን፣ ጠመንጃም፣ ገደልም። አሜሪካኖቹ ፈሪ ስለነበሩ ተሸነፉ እንዳትይ ግን፤ ፓውሃታኖች ከእኛ አያቶች ያነሰ አልተዋጉም።»

ከእርሻው ይልቅ የቅኝ ግዛት ኑሮ ሥር የያዘው ከተማው ውስጥ ነበር። አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ለጎንደር ባወጣው ፕላን የጣሊያኑ ሰፈርና የአገሬው ሰፈር ተለያዩ። ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። በሚያዝያ 1937 የወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊን እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ነበር። ቨርጂንያም በ1691 ነጭና ጥቁር፣ ነጭና ባለአገር እንዳይጋቡ ከልክላለች። አያቷ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን እንድታነባቸው አዘዟት፤ ሰፋሪ ያለ አጥር ሰፋሪ ሆኖ መቆየት እንደማይችል ከዚያ ታያለሽ ብለው።

አሜሪካ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥም አለች። በርበሬው፣ በቆሎው፣ የወገራ ገበሬ ዛሬ በኩንታል የሚሸጠው ድንች፣ ሁሉም የዚያ አህጉር ሰዎች ያላመዷቸው ናቸው። ድንቹን በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ነው።

«ዋምፓኖአጎችስ ጠፍተው ቀሩ?» ብላ ጠየቀች።

«አልጠፉም። ለማሽፒ ዋምፓኖአጎች በ2007 የአሜሪካ መንግሥት እንደ ሕዝብ ዕውቅና ሰጥቷቸዋል። የሚናገረው ሰው ጠፍቶ የነበረውን ቋንቋቸውንም ከ1993 ጀምሮ ለመመለስ እየሠሩ፣ ለልጆቻቸው እያስተማሩት ነው። የረዳቸው በ1663 በቋንቋቸው የታተመው መጽሐፍ ቅዱስና አባቶቻቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት የመሬት ውል ነው።»

ልጅቱ ለዓመቱ መጨረሻ የምትጽፈውን የጥናት ርእስ እዚያው ቀየረች። አያቷም ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌዎች የምትጠይቀውን ነገሯት፦ ጣሊያን የለካው የየትኛውን ወገን ርስት ነው? ገመድ የያዘለት ማን ነበር? የተነቀለ ቤተሰብ አለ ወይ? ቢኖር በ1941 ኅዳር ጎንደር ነፃ ስትወጣ ወደ መሬቱ በምን ዓይነት ዳኝነት ተመለሰ?

«የመጨረሻውን ጥያቄ ሴቶቹንም ጠይቂ» አሏት። «ርስት በእናትም ይወረስ ነበር፤ ወንዶቹ የሚዘሉትን የዘር ሐረግ እነሱ ይቆጥሩልሻል።»