የመዋኛ ገንዳ ክሎሪንና ማረጋጊያው

በአገር ውስጥ ገበያ «ክሎሪን» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም። በጠርሙስ የሚሸጠው በረኪናም፣ ለከተማ ውሃ ማከሚያ የሚገዛው ነጭ ዱቄትም፣ ለመዋኛ ገንዳ በባልዲ ታሽጎ ከውጭ አገር የሚመጣው ክብ እንክብልም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ። ገዢው ልዩነታቸውን ስለማይጠይቅ ሻጩም አይነግረውም። ከነዚህ መካከል ግን እንክብሉ ከክሎሪኑ ጋር ሌላ ነገር ይዞ ወደ ገንዳው ይገባል፤ ይህ ሁለተኛው ነገር አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ውሃው ካልተደፋ በቀር አይወጣም። ነገሩን ሳያውቅ የገዛ ባለሆቴል ዕዳውን የሚከፍለው በውሃ ነው።

ወላይታ ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ለስብሰባና ለጉዳይ የሚመጣው እንግዳ ሆቴል ሠሪዎችን ስለ መዋኛ ገንዳ ማሳሰቡ አይቀርም። ከተማዪቱ በዳሞት ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከፀሐይ የሚመጣው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ይህ ጨረር የክሎሪን ጠላት ነው። ማረጋጊያ በሌለው ገንዳ ውስጥ የተጨመረ ክሎሪን በቀትር ፀሐይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። እንግዳው ከምሳ በኋላ ወደ ውሃው በሚወርድበት ሰዓት ማለዳ የተጨመረው ክሎሪን ከስሙ በቀር ብዙም አይቀርም።

ለዚህ መድኃኒት ሆኖ የመጣው ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ ነው። ከዩሪያ በሙቀት ኃይል ይሠራልና፣ የወላይታ ገበሬ በቆሎው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለመዋኛ ገንዳ መዋል የዠመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሥራውም ክሎሪኑን ይዞ ከጨረር መከለል ነው፤ በጃንጥላ ሥር እንደ ማስቀመጥ ይቈጠራል። ነገር ግን በጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ክሎሪን ተሕዋስያንን ለመግደልም ይዘገያል። ማረጋጊያው በመጠኑ ሲሆን ትርፉ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ ሲበዛ ግን ክሎሪኑ በውሃው ውስጥ እያለ እንደሌለ ይሆናል። ገዢውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ተራው የክሎሪን መመርመሪያ የተያዘውንም ያልተያዘውንም አንድ ላይ ቈጥሮ «በቂ ክሎሪን አለ» ብሎ ያሳያልና፣ ውሃው አረንጓዴ እየሆነ ሳለ ባለገንዳው በሻጩ ላይ ያጕረመርማል።

በልማድ የሚመከረው ልክ በአንድ ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ማረጋጊያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ100 ሚሊግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከልም ማረጋጊያ በሌለው ገንዳ ቢያንስ 1፣ ማረጋጊያ ባለበት ቢያንስ 2 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን በሊትር እንዲኖር ይመክራል። የገንዳ ባለሙያዎች ደግሞ ክሎሪኑ ከማረጋጊያው 7.5 በመቶ ያህል እንዲሆን ይመክራሉ፤ ማረጋጊያው 40 ቢሆን ክሎሪኑ 3፣ ማረጋጊያው 120 ቢሆን ክሎሪኑ 9 መሆን አለበት ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ ማየት ይገባል። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 300,000 ሊትር ይይዛል። በቀን በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ይፈጃል ቢባል 600 ግራም ያስፈልገዋል። እንክብሉ፣ ማለት ትራይክሎር፣ 90 በመቶ ያህል የሚሠራ ክሎሪን ስላለው በቀን 667 ግራም ይበቃል፤ ባለ 200 ግራም ከሆነ ሦስት እንክብልና ጥቂት ነው። ትራይክሎር 10 ሚሊግራም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ሚሊግራም ያህል ማረጋጊያ ይተዋል፤ ዳይክሎር የሚባለው ዱቄት ደግሞ 9 ያህል። ስለዚህ በዚህ ገንዳ ማረጋጊያው በየቀኑ በ1.2 ሚሊግራም ያድጋል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምት 1 ቀን በንጹሕ ውሃ የተሞላ ገንዳ፣ በመቶ ቀን ውስጥ፣ ማለት በጥር 10 ቀን በከተራ ዕለት፣ 120 ደረሰ ማለት ነው፤ ያውም ሆቴሉ ለጥምቀት እንግዶች በሚሰናዳበት ሰዓት። በዋናተኞች ግፊያና በማጣሪያው እጥበት የሚፈስሰው ውሃ ጥቂት ይቀንስለታል። ትነት ግን አይቀንሰውም፤ ውሃው ይተናል፣ ማረጋጊያው ይቀመጣል።

ከ120 ወደ 40 ለመመለስ የገንዳውን ሁለት እጅ ደፍቶ በአዲስ ውሃ መተካት ግድ ነው። ይህም 200,000 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቈጠር 10,000 ጀሪካን ነው። ሰው ከቦኖ ፊት ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ በሚጠብቅበት አገር ይህ ሒሳብ ከገንዘብም በላይ ነውር አለበት።

የቀድሞው ልምድ በዚህ ነገር ብዙም አይረዳም። በኢትዮጵያ ስማቸው የታወቀው የሶደሬና የወንዶ ገነት መዋኛዎች ፍልውሃ የሚገባባቸው ናቸው፤ ውሃው እየተለወጠ ስለሚሄድ በውስጡ የሚከማች ነገር አይበረክትም። በሶዶ የሚሠራ የሆቴል ገንዳ ግን ያንኑ ውሃ በማጣሪያ እያዞረ ለወራት የሚያኖር ነውና ሕጉ ሌላ ነው።

መፍትሔው እንክብሉን ከመደርደሪያ ማውረድ አይደለም። ማረጋጊያው እስኪደላደል ድረስ፣ በተባለው ምሳሌ 33 ቀን ያህል፣ በትራይክሎር መሥራት፣ 40 ሲደርስ ወደ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት መሻገር ነው። ይህ ሁለተኛው ዕቃ 65 በመቶ ገደማ ክሎሪን ሲኖረው ማረጋጊያ የሚባል ነገር አይተውም። ለዚያው ገንዳ በቀን 923 ግራም ይፈጃልና በሚዛን ሲተያይ የሚበዛ ይመስላል፤ የሚደፋው ውሃ ሲታሰብ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። እሱም ነውር የለውም ማለት አይደለም፤ ካልሲየም እየጨመረ በቱቦና በንጣፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ትራይክሎር በበኩሉ ኮምጣጣ ስለሆነ ሲሚንቶና ብረት ይበላል። አስተዋይ ባለሱቅ ሁለቱንም ይይዛል፤ ከሁለቱም ጋር የማረጋጊያ መመርመሪያ ይሸጣል። መመርመሪያው ከገንዳው ውሃ ጋር ሲቀላቀል የሚያደፈርስ ፈሳሽ ነው፤ ከቱቦው ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ የሚሰወርበት ከፍታ ልኩን ይነግራል። ከ100 በላይ የሆነ እንደሆነ የገንዳውን ውሃ በእኩል ንጹሕ ውሃ አቅጥኖ መለካትና የተገኘውን በሁለት ማባዛት ነው።

አስመጪው በጅቡቲ በኩል ሲያዝ «ክሎሪን» ብሎ መጻፍ አይበቃውም። ትራይክሎርና ዳይክሎር በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ 2933.69፣ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት 2828.10 ሥር ይመደባሉ። በባልዲው ላይ 87-90-1 የሚል የኬሚካል ቁጥር ከተገኘ ዕቃው ትራይክሎር ነው፤ 7778-54-3 ከሆነ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ከቁጥሮቹ አንዱም የሌለበትን ባልዲ አለመቀበል ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የማከማቻው ነገር ነው። ሁለቱ ዓይነቶች ከተደባለቁ ይቃጠላሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ፤ በአንድ ማንኪያ መቅዳት፣ አንዱ በነበረበት ባልዲ ሌላውን መሙላት፣ በገንዳው የእንክብል ማሟሚያ ውስጥ ዓይነት መለወጥ ክልክል ነው። ትራይክሎርን ጥቂት ውሃ ሲነካውም እንዲሁ አደገኛ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሉዊዚያና አውሎ ነፋስ ጣራውን በጐዳው ፋብሪካ የዝናብ ውሃ በትራይክሎር ላይ ወርዶ እሳትና መርዛማ ጢስ አስነሣ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ በኮንየርስ ከተማ በተነሣው ተመሳሳይ እሳት 17,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ታዘዙ። የክረምት ዝናብ በሚበረታበት በሶዶ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ያለበት መጋዘን ለዚህ ዕቃ አይሆንም። ባልዲዎቹ ከወለል ከፍ ብለው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ሁለቱ ዓይነቶች በተለያየ ክፍል፣ ከዘይት፣ ከነዳጅና ከማዳበሪያ ርቀው ይቀመጡ። የፈሰሰውን በንጹሕና ደረቅ አካፋ ማንሣት እንጂ ወደ ባልዲው መመለስም፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም አይገባም።