ከጥርባ እስከ ሐረር፦ ለባቡር ተጓዡ የወንድሜ ልጅ የተጻፈ ምክር

የላክህልኝን የጉዞ ዕቅድ አየሁት። አዲስ አበባ፣ ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ከዚያም ጅቡቲ ደርሶ መልስ፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት። ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ አይተህ የምትመለሰው የመናኸሪያ አጥር ብቻ ነው። በባቡር ልሂድ ማለትህን ግን ወድጄልሃለሁ። ጎጃም ሐዲድ ስላልገባ እዚህ ጥርባ ባቡርን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ሞልቷል። እኔ በጉልምስናዬ በአሮጌው ባቡር ድሬዳዋ ወርጃለሁ፤ አዲሱንም ተሳፍሬዋለሁ። ከሁለቱ የገባኝን ልጻፍልህ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

1. ጊዜውን ከበዓላት ጋር አስማማ።

እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ያለው በጋ ለመንገድ ምቹ ነው፤ ግን በጋ ሁሉ እኩል አይደለም። በታኅሣሥ ልሂድ ካልህ ቁልቢ ገብርኤል አለ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከየአገሩ የሚተመው ምእመን ድሬዳዋንና ሐረርን ያጥለቀልቃቸዋል፤ አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ለመሳለም ካልሆነ ያን ሰሞን እለፈው። ገናንና ጥምቀትን እዚሁ ከእናትህ ጋር ዋል። ጥር 23 ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ አለ። ማኅበሩ ከ1932 ጀምሮ የዘለቀ ነው፤ ያን ቀን ጥሎ የሚሄድ የአገው ልጅ አይገባኝም። እንግዲህ በዓሉ ባለፈ ማግስት ተነሳ። ቆላው ገና አልጋለም፣ የመንገደኛውም ብዛት ጋብ ይላል።

ረመዳን መቼ እንደሚገባም አስቀድመህ አጣራ፤ በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንዴ የካቲት ላይ ይውላል። በጾሙ ሐረር ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ዝግ ነው፤ ማታ ማታ ግን እንደዚያ ያለ ድምቀት የለም። ከኢድ በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ የሚከበረውን ሹዋሊድንም ልታገኝ ትችላለህ፤ በ2016 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። እኔ ብሆን ይህን አስቤበት እሄድ ነበር።

2. ከተማ ቀንስ።

አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረር ይበቁሃል። ጅቡቲ ፓስፖርት ይፈልጋል፣ ሌላ ገንዘብም ይፈልጋል፤ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ቢሾፍቱ ሰው የሚሄደው ለሐይቆቹ ነው። ሆራም ሆነ ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውኃ ነው፤ የጥርባና የዘንገና ሐይቆች ደጁ ላይ ያሉለት ሰው ይህን ብሎ ከባቡር አይወርድም። አዳማ ንቁ ከተማ ናት፣ ለንግድ ብትሄድ ባልከለከልሁህ። የአዳማ ሰዎች ይቀየሙኝ ይሆናል።

በድሬዳዋ ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ በሐረር ሦስት ሌሊት እደር። አንድ ሌሊት ያደረ እንግዳ ሻንጣ ፈትቶ ሻንጣ ሲያስር ነው የሚውለው።

3. አዲሱ ባቡር ዝግታን አይሰጥህም፤ ራስህ አዘጋጀው።

በአንተ ዕቅድ ላይ የጎደለው ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ያ ባቡር ብትቸኩልም አያስቸኩልህም። ሚኤሶ ይቆማል፣ አፍደም ይቆማል፣ ኤረር ይቆማል፤ በየጣቢያው ሻይ፣ የግመል ወተት፣ ሎሚ፣ እንቁላል በመስኮት ይገባል። ጎንህ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ሳታውቅ አትወርድም። ጣቢያውም መሐል ከተማ ስለነበር በሩን ስትወጣ ከተማው ውስጥ ነህ።

አዲሱ በመስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ጠዋት አዲስ አበባን ለቅቆ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ያደርስሃል። ጥሩ ነው፣ አላማውም። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ነው የተሠሩት። መንገደኛው ወርዶ ባጃጅ ይይዛል፣ ሆቴል ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሚቀጥለው ባቡር ይመለሳል። ጊዜ የሚተርፍህ ባቡር ላይ ስላልሆነ በየከተማው ምንም ያልተጻፈበት ቀን ተውለት። ያ ባዶ ቀን ለመዘግየትም ይጠቅምሃል፦ መብራት ሲቋረጥ ወይም ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ሲገቡ ባቡሩ ይቆማል። በደረስህበት ቀን የምትገኝበት ሰርግም ቀጠሮም አይኑርህ።

4. ዕቅዱን ከባቡሩ ቀን ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር።

የሰው ባቡር በየቀኑ ላይኖር ይችላልና መጀመሪያ የሚነሳበትን ቀን በስልክ አረጋግጥ። ከዚያ የአዲስ አበባውን ቆይታ ቀንስ፣ ከዚያ ከእንጅባራ የምትነሳበትን ቀን ታገኛለህ። እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ የዓባይ በረሃ፣ ጎሐ ጽዮን። በዚህ ዘመን መንገዱ መከፈቱን ከትናንት ተሳፋሪ ጠይቀህ እንጂ በግምት አትነሳ። ካልሆነ ባሕር ዳር ሄደህ በአውሮፕላን ግባ። አውሮፕላን ተሳፍሮ ባቡር ለመያዝ መሄድ ያስቃል፣ ግን ሰላም ይቅደም።

ከጎጃም የሚገባው አውቶቡስ በሰሜን በኩል ነው የሚያስገባህ። የባቡር ጣቢያው ፉሪ ለቡ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት ለቡ ወይም ጀሞ አካባቢ እደር፤ በማለዳ ከፒያሳ ተነስቶ ባቡር ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። መታወቂያህን አትርሳ። ወንበር ቁረጥ እንጂ አልጋ አትቁረጥ፤ ቀን የሚሄድ ባቡር ላይ ተኝተህ ምን ልታይ ነው?

5. ለገሃርን ሳታይ ለቡ አትሂድ።

የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 የተጠናቀቀ ነው። ዙሪያው በግንባታ ተለዋውጧል፣ ሕንፃው ግን አለ። ፊት ለፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣሊያን በወረረን ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ ነበር፤ እዚያም ከባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ዶጋሊ ላይ ለሞቱት ጣሊያኖች ከተሠራው ሐውልት ሥር አቆሙት። ኋላ ተመልሷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። ቆመህ ይህን አስብበት፣ ከዚያ ሻይ ጠጣ።

6. መስኮት ያዝ፣ ስልክህን ኪስህ ክተት።

ሞጆን አልፈህ፣ አዳማን አልፈህ ወደ መተሐራ ስትወርድ በሰቃ ሐይቅን ታገኛለህ። ሌላው ሐይቅ ሲሸሽ ይህ እየሰፋ ሄዶ አሮጌውን ሐዲድና አውራ ጎዳናውን ሲያስጨንቅ የኖረ ውኃ ነው። ከበላዩ ፈንታሌ ተራራ አለ። ቀጥሎ ያለው ሜዳ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዓይንህ ካልቦዘነ ሳላ ልታይ ትችላለህ። አዋሽ አካባቢ በጥር 1977 የአሮጌው መስመር ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እዚያ ስታልፍ ነፍስ ይማር በል።

7. ድሬዳዋን በጠዋትና በማታ እንጂ በቀትር አትፈልጋት።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ሲገኝ ከሥሩ ሜዳው ላይ ጣቢያ ተቆረቆረ፣ ከተማዋም አዲስ ሐረር ተባለች። በደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ሁለት ከተማ ነው የምታየው፦ ከዚራ ፈረንሳዮቹ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ያበጁት፣ መጋላ ነጋዴው እንደፈለገ የሠራው። ደቻቱን በበጋ ስታየው አሸዋ ብቻ ነው፤ አትናቀው። በሐምሌ 1998 ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ማለዳ ቀፊራ ገበያ ውረድ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ክፍልህ ተኛ፤ የአገሩ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አንተ ከእነርሱ አትበልጥም። ሲበርድ ከዚራ ወጥተህ ተንሸራሸር። በሁለተኛው ቀን አሮጌውን ጣቢያና የጥገና ቦታውን ለማየት ፈቃድ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ አትከራከር፣ በር ላይ ከተቀመጡት አዛውንቶች ጋር ቡና ጠጣ። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር «ቦንዡር» ብለህ ብትጀምር ወሬው ይከፈትልሃል። እኔ እንዳየሁት ከሆነ ከማሽኑ ይልቅ የእነዚያ ሰዎች ጨዋታ ይበልጣል።

ከእንጅባራ ብርድ የወረድህ ደገኛ ነህና አጎበር ያለበት አልጋ ጠይቅ። ወባም ደንጊም አለ።

8. ሐረርን በእግርህ ግባ።

ከድሬዳዋ ሚኒባስ ይዘህ ተራራውን ስትወጣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻ ነው፤ ሐረማያን፣ አወዳይን ታልፋለህ። ሐረር ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ የሰው አገር አይመስልህም።

ጀጎል ግንብን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። አምስት በር ነበረው፤ ስድስተኛው ኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው። ከአምስቱ በአንዱ ግባ። ዩኔስኮ በ1998 ሲመዘግበው 82 መስጊድ ቆጥሯል፣ ከእነርሱም ሦስቱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን አገሩን ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር ሂድ፣ ሂሳቡን ቀድመህ ተስማማ። ሁለተኛውን ቀን ብቻህን ጥፋ፤ ግንቡ ስላለ ከከተማው ውጭ አትጠፋም። ልብስ ሰፊዎቹ በተርታ መኪና የሚያንኳኩበትን መኪና ግርግርን ፈልግ። ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም እይ፤ የቆየ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ጌጥ የአንድ ሰው ልፋት ሰብስቦታል። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚሉትም አለ፤ ቤቱን ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፣ ቢሆንም የድሮ የሐረር ፎቶግራፎቹ ይታያሉ።

ሐረሪ ቤት ከተጋበዝህ ጫማህን አውልቅ። መደቡ ደረጃ ደረጃ ስለሆነና መቀመጫው እንደ ሰዉ ማዕረግ ስለሚለያይ ራስህ መርጠህ አትውጣ፤ የቤቱ እመቤት እስክታመለክትህ ቁም። ዓርብ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋልና ገበያህን በጠዋት ጨርስ።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ያሳዩሃል። እኛ እዚህ ጅብን በድንጋይ ነው የምንሸኘው፣ እዚያ በሥጋ ይቀበሉታል፤ አንድ ማታ ይበቃል።

9. ሻንጣህ አንድ ይሁን። ጋቢ ለደጋው፣ ስስ ልብስ ለቆላው፣ ቆሎና በሶ ለመንገዱ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ከሆነ በሶው ያወጣሃል።

10. ስትመለስ ባቡር አትያዝ።

ትገረም ይሆናል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከሐረር በመኪና በጨርጨር ተራሮች በኩል ተመለስ፦ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ ጭሮ። ባቡሩ የሸሸው ተራራ ይህ ነው፤ ጠመዝማዛውን ስታይ ሐዲዱ ለምን በቆላው እንደሄደ፣ ሐረር ለምን እንደቀረች፣ ድሬዳዋ ለምን እንደተወለደች ማንም ሳያስረዳህ ይገባሃል። ቁልቢ በዓል የሌለበት ቀን ጸጥ ያለ ደብር ነው፤ ወርደህ ተሳለም። ጨለንቆ ላይ በ1879 የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር ተዋግተዋል። የሞተው የሁለቱም ወገን ሰው ነውና እዚያ ስትደርስ ጮክ ብለህ አትፎክር። በአንድ ቀን አዲስ አበባ ልግባ ብለህ ሹፌሩን አትወትውት። ጭሮ እደር፤ አልጋውን ከሰዓት በፊት ያዝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ መኪና ታገኛለህ።