የሰማይ ላይ ቡናና የካቺሲ ጀበና

በአውሮፕላን የሚቀርብ ቡናና ሻይ አይጣፍጥም የሚለው ስሞታ በዓለም ዙሪያ የቆየ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚነሳው ከፍታው ነው። ይህ ለለንደን ሰው በቂ መልስ ይሆን ይሆናል። ለእኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቡና ቆልቶና ፈጭቶ ለመሸጥ ላሰበ ነጋዴም ትርፍ ያለው ትምህርት የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው።

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። 300 ሜትር ያህል ሽቅብ በተወጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አውሮፕላን 11 ሺሕ ሜትር ላይ ሲበር በውስጡ ያለው አየር ስለሚታመቅ፣ ተሳፋሪው የሚሰማው ግፋ ቢል የ2,400 ሜትር ከፍታ ነው። እዚያ ውኃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባስ? ያው 92 ነው። 2,100 ሜትር ላይ ባለችው አምቦ 93 ይሆናል። ከአምቦ በስተሰሜን፣ በግንደ በረት ደጋ ላይ ያለችው ካቺሲም ከዚህ ብዙ አትርቅም። እንግዲህ የካቺሲ ሰው ዕድሜ ልኩን ቡና የሚጠጣው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲያውም ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ በተረከበው ቦይንግ 787 ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ የተሠራ ነው። የቦሌ ኤርፖርት ደግሞ 2,330 ሜትር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ እርሱ በአየር ግፊት በኩል 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ውኃውም እስከ 94 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል።

ቡና ባለሙያዎች የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ በመሆኑ ከፍታው ቡናን አይጎዳም ማለት ነው። የሚጎዳው ሻይን ነው። ጥቁር ሻይ ወደ 100 የተጠጋ ውኃ ይፈልጋል። የካቺሲ ሻይ ቤት የጎደለውን ሙቀት በጊዜ ይሞላዋል፤ ቅጠሉ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር እሳት ላይ ይንተከተካል። በአውሮፕላን ግን ከረጢቷ ስኒ ውስጥ ተነክራ በደቂቃዎች ትወጣለች።

ታዲያ የቡናው ጣዕም የሚጠፋው በምንድን ነው? አንደኛው ምላሳችን ራሱ ነው። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም የአውሮፕላን ገላ ዝቅተኛ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ አስገብቶ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ጥናት፣ የጨውና የስኳር ጣዕም በእጅጉ ሲደክም የመራራውና የኮምጣጣው ብዙም እንደማይነካ ታይቷል። ሁለት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው ሦስተኛ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አብዝቶ የተቆላ ቡናም ምሬቱ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል።

ሁለተኛው የታንከሩ ውኃ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ከመረመራቸው አውሮፕላኖች 15 በመቶ ያህሉ ላይ ኮሊፎርም የተባለው ባክቴሪያ በመገኘቱ፣ በ2009 ልዩ ደንብ እስከ ማውጣት ደርሷል። በክሎሪን የታከመ ውኃ ደግሞ ሽታውን ለቡናው ያወርሳል።

ሦስተኛው ነጋዴውን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በአውሮፕላን የሚፈላው በብዛት አስቀድሞ ተፈጭቶ በፓኬት የታሸገ ቡና ነው። የተፈጨ ቡና አየር ካገኘው መዓዛው በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ካቺሲ ላይ ቡናው እንግዳው ፊት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ወዲያው ጀበና ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዲግሪው ላይ አይደለም።

አገራችን ወደ ውጭ የምትልከው በአብዛኛው ጥሬ ቡና መሆኑ ይታወቃል። አየር መንገዶች ግን የሚገዙት የተቆላውን ነው። የአሜሪካው አላስካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ስታምፕታውን ከተባለው የፖርትላንድ ቡና ቆይ ጋር ተስማምቶ፣ በአየር ላይ እንዲጣፍጥ ተብሎ የተዘጋጀ ቡና እንደሚያቀርብ አስታውቋል። ሁለቱም ያሉት በባሕር ጠለል አካባቢ በሚገኙ ከተሞች ነው። የእኛ ቆዪ ግን የአየር ግፊቱን በነፃ አግኝቶታል። ድርቀቱንና የሞተሩን ጩኸት ባያገኝም፣ ምድጃና ቴርሞሜትር ይዞ አዲስ አበባ ወይም አምቦ ላይ የቀመሰው ቡና በአውሮፕላን ውስጥ በሚገኘው የውኃ ሙቀት የተፈተነ ነው። (የአምቦን ማዕድን ውኃ ግን ለዚህ ሙከራ አታምጡት፤ ያለበት ባይካርቦኔት የቡናውን ጥሩ ኮምጣጣነት ያጠፋዋል።)

ሙከራው ላይ ታዲያ አሁን የተቆላውን ብቻ መቅመስ ራስን ማታለል ነው። ከታሸገ አንድ ወር፣ ሦስት ወር የሆነውን ፓኬት ከፍቶ አጠገቡ ማቅረብ ይገባል። መካከለኛ አቆላል፣ አየር የማያስገባ ማሸጊያ፣ ላዩ ላይ የተቆላበት ቀን፤ ገዢው የሚጠይቀው ይህን ነው። በማከማቻ የቆየ ፓኬት ሲመለስ ኪሳራው የማን እንደሚሆንም ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ውሉ ላይ መስፈር አለበት።