የእንግሊዝኛ ትምህርት ለነጋዴዎች፦ «እሺ» በንግድ ደብዳቤ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ያገራችን ሰው። በአማርኛ «እሺ» ብሎ መመለስ ጨዋነት ነው፤ ቃሉም «ሰማሁ»፣ «ይሁን»፣ «ተስማማሁ»፣ «እፈጽማለሁ» የሚሉትን ሁሉ አጠቃሎ ይይዛል። የእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ግን እነዚህን ለያይቶ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚጽፍ ነጋዴ ቃሉን ሳይመርጥ የመለሰ እንደ ሆነ ያላሰበው ግዴታ ሊወድቅበት ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በሐዋሳ፣ በታቦር ክፍለ ከተማ የሚሠራ አንድ የሲዳማ ቡና ላኪ እናስብ። እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ በአንድ ኮንቴይነር ለመላክ ተዋውሏል። ገዢው የመጫኛው ቀን በ15 ቀን እንዲቀደም ጠይቆ ይጽፍለታል። ላኪው የጥያቄውን መድረስ ብቻ ለመግለጽ አስቦ «ኦኬ» ብሎ ይመልሳል። ገዢው ግን መልሱን እንደ ስምምነት ቆጥሮ በመርከብ ላይ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ቡናው ወደ ጅቡቲ መንገድ ሳይጀምር ክርክር ይነሣል።

ይህ እንዳይደርስ የሚከተሉትን ቃላት ለይቶ ማወቅ ይበጃል።

1ኛ. «አክኖውሌጅ ሪሲት»፦ ደብዳቤው ደርሶናል ማለት ነው፤ ከመድረሱ በቀር ሌላ አያስረዳም።

2ኛ. «ኖትድ»፦ አንብበን ልብ ብለነዋል ማለት ነው። ፈቃድን በግልጽ አይናገርም። የማይስማሙበት ነገር ሲኖር ግን በዚህ ቃል ብቻ ማለፍ አይገባም፤ ተቀባዩ እንደ ፈቃድ ሊወስደው ይችላልና።

3ኛ. «አግሪ»፦ ተስማማን ማለት ነው። «አግሪ ዊዝ» በሰው አሳብ መስማማት ሲሆን፣ «አግሪ ቱ» የቀረበውን ጥያቄ መፍቀድ ነው። ላኪያችን የቀኑን ለውጥ ከፈቀደ የሚጽፈው «አግሪ ቱ» ነው።

4ኛ. «አክሴፕት»፦ የቀረበውን የሽያጭ ወይም የግዥ አሳብ መቀበል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቀረበው አሳብ ጋር በትክክል ያልገጠመ አቀባበል እንደ እምቢታና እንደ አዲስ አሳብ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ስለዚህ «አክሴፕት» ብሎ «ነገር ግን ዋጋው ይጨመር» የሚል ነጋዴ ገና አልተዋዋለም።

5ኛ. «ኮንፈርም»፦ አስቀድሞ የተነገረውን ማጽናት ነው። በስልክ የተስማሙበትን ዋጋ፣ መጠንና ቀን በጽሑፍ ለማጽናት ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ይህ ቃል ነው።

በባንክ ቤት ደግሞ የዚህ ቃል ክብደት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት፣ ዩ.ሲ.ፒ. 600 በተባለው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲትን «አድቫይዝ» ብቻ ያደረገ ባንክ የሰነዱን መምጣት ያስታውቃል እንጂ በዚህ ምክንያት ለመክፈል አይገደድም። «ኮንፈርም» ያደረገ ባንክ ግን የተፈለጉት ሰነዶች ተሟልተው ሲቀርቡለት፣ ሰነዱን ከከፈተው ባንክ በተጨማሪ ራሱ የመክፈል ግዴታ አለበት። ላኪ የሆነ ሁሉ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደ ተጻፈለት ይመልከት።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ላኪው ሊጽፍ ይገባው የነበረው፦ «ዊ አክኖውሌጅ ሪሲት ኦፍ ዩር ሪኩዌስት። ዊ ዊል ሪፕላይ ባይ ፍራይደይ» የሚል ነበር፤ ይኸውም «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እስከ ዓርብ መልስ እንሰጣለን» ማለት ነው። በዚህ መልስ ጨዋነቱም አልጎደለበትም፤ ግዴታም አልገባም።

ክቡራን ነጋዴዎች፣ ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት «ይህን ቃል ይዞ ቢጠይቀኝ እፈጽምለታለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «አዎን» ከሆነ «አግሪ ቱ»፣ «አክሴፕት» ወይም «ኮንፈርም» ጻፉ፤ ካልሆነ መድረሱን ብቻ አስታውቁ።