ያለ እናት የቀረች የድመት ግልገል

ለዛሬው ትምህርት ምሳሌ 12፥10ን አንብቡ፤ ለእንስሳ ስለሚራራ ሰው ይናገራል። በኾባርና በደማም የቤቱ ልጆች ከግቢ ጥግ የድመት ግልገል አንሥተው ያመጣሉ፤ ሌሊት የምትነሣላት ግን ሠራተኛዋ ናት።

እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ይችላል፤ አደጋ ከሌለ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ካልተመለሰች ከወተት በፊት ሙቀት ያስፈልጋታል። ውጭው ቢያቃጥልም የቤቱ ኤሲ ያበርዳታል፤ የቀዘቀዘ ሆድ ደግሞ ምግብ አይፈጭም። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አኑሩ፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ቦታም ተዉላት።

የላም ወተት ተቅማጥ ያስይዛታል፤ ተቅማጥ ትንሽ ግልገልን ቶሎ ይገድላል። የሕፃን ዱቄት ወተትም አይተካላትም። ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ዱቄት ወተት አለ፤ እርሱን ማዳም ትግዛ እንጂ ከደመወዛችሁ አይሁን! ስትመግቧት እንደ ሕፃን በጀርባዋ አታንጋልሏት፣ ወተቱ ሳንባዋ ይገባል፤ በሆዷ ትተኛ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ትጠባለች። ከጠባች በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጥጥ ከጭራዋ ሥር ቀስ ብላችሁ እሹ። እናቷ በምላሷ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ያለዚያ ሽንቷ አይወጣም። እጃችሁንም ታጠቡ።

ዐይኗ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል፤ 4 ሳምንት ሲሞላት ለስላሳ ምግብ ትጀምራለች። በ2017 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ከ8 ሳምንት በፊት ከእናት የተለዩ ድመቶች ይበልጥ ተናካሽ እንደሚሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ በጨርቅ ኳስ እንጂ በጣታችሁ አታጫውቷት።

ድመት በሙስሊሞች ዘንድ ንጹሕ እንስሳ ናትና ማዳምን ማስፈቀድ አይከብድ ይሆናል። ስታስፈቅዱ ግን የሌሊቱን ተራ ትልልቆቹ ልጆች እንዲያግዟችሁ አብራችሁ ጠይቁ።