ማጀታችንን በሥርዓት እንያዝ



ሰኞ የቱርሚ ገበያ ቀን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዕለት ማታ ግን የየቤታችን ማድ ቤት ምን እንደሚመስል አስተውለን እናውቃለን? የማሽላው ጆንያ በር ላይ ተጥሏል፤ ሽንኩርቱ ከከሰሉ ጋር ተቀላቅሏል፤ ክብሪት ይፈለጋል፤ ቢላዋ ይፈለጋል። እናታችን ከወዲያ ወዲህ ትሮጣለች፤ ታላቅ እኅታችን ደብተሯን ዘግታ ማማሰያ ትፈልጋለች። እኛ ወንዶቹ ደግሞ ደጅ ተቀምጠን «እራት አልደረሰም ወይ?» እንላለን። እንዲህ የሚሆነው ዕቃ ስለ ጎደለን ሳይሆን ሥርዓት ስለ ጎደለን ነው።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ማጀትም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ድስትና አዲስ መደርደሪያ ብቻውን አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ መስጠት፣ ከተጠቀሙበትም በኋላ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሐመር እናቶችን ቤት እንመልከት። ዕቃው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ለወተቱ የራሱ ቅል፣ ለቡናው ገለባ የራሱ ማሰሮ አለው። ቅሉ ይንጠለጠላል፤ እህሉም ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን በቤታችን ልንሠራቸው የምንችላቸውን ነገሮች በተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ውኃ። የመጠጡን ጀሪካን ከማጠቢያው እንለይ፤ ምልክት እናድርግበት፤ ክዳኑም አይለየው። ከእንስራ ስንቀዳ እጃችንን አንንከር፤ እጀታ ያለው መቅጃ ይኑረን። ከወንዝ አሸዋ ተቆፍሮ የተቀዳ ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ መፍላት አለበት። እንደ ቱርሚ ባለ ቆላ አገር ውኃው እየተንተከተከ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህን ማወቅ ማገዶም ይቆጥባል።

ሁለተኛ፤ እህል። ጆንያውን በድንጋይ ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ እናስቀምጥ፤ ከግድግዳም ትንሽ ይራቅ። እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኘው ነው። አዲሱን እህል በአሮጌው ላይ አንገልብጥ፤ በአሮጌው ውስጥ ያለው ነቀዝ ወደ አዲሱ ይሻገራልና። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይበላ። ሽሮና በርበሬ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፤ የበሰለ ምግብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ትምህርት አምስት ነገሮችን ይመክራል፤ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ አጥብቆ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ያልተበላሸ ጥሬ ምግብ መጠቀም። የበሰለ ወጥ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ መቆየት የለበትም፤ በእኛ ሙቀትማ የበለጠ ያሰጋል። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት መፍትሔው ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ያህል መሥራት ነው። ሥጋ የቆረጠ ቢላዋም ሳይታጠብ ቲማቲም አይቁረጥ።

አራተኛ፤ እሳትና ጢስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ማገዶውን ቀደም ብለን ፈልጠን እናድርቅ፤ እርጥብ እንጨት ጢሱ ብዙ፣ ሙቀቱ ጥቂት ነው። መስኮትና በር ይከፈት። የሚቻለው ቤት «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ቢጠቀም ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንስለታል።

አምስተኛ፤ አደገኛ ነገሮች። በአንዳችን ቤት የደረሰውን እንንገራችሁ። ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ከውኃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ትንሿ እኅታችን ከጨዋታ ተጠምታ ገባችና ጠርሙሱን አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋች። እናታችን ደርሳ ባትነጥቃት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጠርሙሱን እዚያ ያስቀመጥነው እኛ ነበርን፤ «ቆይተን እናነሣዋለን» ብለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጭ ጋዝና በረኪና በመጠጥ ዕቃ አይቀዱም፤ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ድንገት ልጅ ነጭ ጋዝ ቢጠጣ እንዲያስመልሰው ማድረግ አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ይጎዳዋልና። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

እነዚህ ሁሉ ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ከተጫኑ አይቆሙም። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚባለውን ሰምተን አድገናል። ይሁን እንጂ የምንበላው ሁላችንም ነን። እኅታችን ማታ ማታ የምታጣው ሰዓት የትምህርቷ ሰዓት ነው። ፈተና ብትወድቅ «ሰነፈች» እንላት ይሆናል፤ ክብሪቱን ከቦታው ያጠፋነው ግን እኛ ነን። እናታችንም ወገቧን ሳታሳርፍ ታድራለች። ስለዚህ ውኃ መቅዳቱን፣ ማገዶ መፍለጡን፣ ድስት ማጠቡን በሳምንቱ ቀናት እንከፋፈል፤ ተራውንም በወረቀት ጽፈን በማድ ቤቱ በር ላይ እንለጥፍ። ዕቃ ማጠብ ወንድን አያሳንሰውም፤ የሚያሳንሰው የእናቱን ድካም እያየ መቀመጡ ነው።

በመጨረሻም በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንጀምር። ማታ ከመተኛታችን በፊት ክብሪት፣ ቢላዋ፣ ኩራዝና የመጠጥ ውኃ በየቦታቸው መሆናቸውን እንይ። የነገው ጧት ሥራ የሚቀለው ዛሬ ማታ ነው።

ለውይይት፦

1. በቤታችን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዕቃ የትኛው ነው? ቦታውስ የት ይሁን?

2. ነጭ ጋዝና በረኪና አሁን የት ተቀምጠዋል?

3. ወንዶች ልጆች ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የትኛውን የማድ ቤት ሥራ ይወስዳሉ?