ውሻና በሽታዎቹ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሚባል የዓሣ ገበያ አለ። አጥማጆች ቆሮሶውንና አምባዛውን ከጀልባ አውርደው ያጸዳሉ፤ አንጀቱን ይጥላሉ። አባ ኮዳም ይሰበሰባል። ጥራጊ ባለበት ደግሞ ውሻ አይጠፋም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰውና ውሻ አብረው ስለሚውሉ የውሻን በሽታ ማወቅ ይበጀናል። ዛሬ ሦስቱን እንማራለን።

1. እብደት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው። በታመመው ውሻ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል፤ ውሻው ሲነክስ ወይም ቁስል ሲልስ ይተላለፋል። ሰውንም፣ ላምንም፣ አህያንም ይይዛል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ጠባዩ ይለወጣል። ገሩ ውሻ ይናከሳል፤ ተናካሹ ፀጥ ብሎ ጨለማ ይፈልጋል። ድምፁ ይጎረናል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ በመጨረሻም እግሩ ሰንፎ ይሞታል። ብዙ ሰው «ውሃ ከጠጣ አላበደም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ውሃ የሚፈራው በሽታው የያዘው ሰው ነው። ያበደ ውሻ ግን ሐይቅ ወርዶ ሊጠጣ ይችላል።

እንዴት ይረጋገጣል? ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ቢነክስ ወዲያው አይገደልም፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። እስከዚያ ደኅና ከሆነ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ከሞተ አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ።

የተነከሰ ሰው ምን ያድርግ? ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ። አመድም ቅጠልም አይነስንስበት። ከዚያ ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ 10ሩ ቀን እስኪሞላ አይቀመጥ። በሽታው ሳምንታት ወይም ወራት ተደብቆ ይቆያልና ቁስሉ ስለሻረ ድኛለሁ አይበል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ሆነ ለውሻ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ይህን ክትባት ለሰው የሰጠው በ1877 ዓ.ም. ነው።

2. የሆድ ትል

ውሻ ውሃ የቋጠረ የበግ ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ትል ይይዘዋል። የትሉ ዕንቁላል በኩሱ ይወጣል። ባልታጠበ እጅ ወደ ሰው አፍ ሲገባ ጉበቱንና ሳንባውን ውሃ ያስቋጥራል። የእንስሳት ሐኪም ኩሱን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ይሰጠዋል። እኛም ውሃ የቋጠረውን ጉበት ለውሻ አንጣል፤ ጠልቆ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

3. እከክ

ፀጉሩ ይረግፋል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ዘወትር ያካል። ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ ሲያይ ጥቃቅን ተባይ ያገኛል፤ መርፌ ወይም ማጠቢያ ያዛል። ለከብት የተገዛ መድኃኒት በግምት አትስጡት።

መከላከያው

ውሻችንን በየዓመቱ እናስከትብ። ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ እብደት በመንደር መዛመቱን ያቆማል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያስከትብ አይበቃም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይምከር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጥያቄዎች

1. ውሃ የጠጣ ውሻ አላበደም ማለት ይቻላል? ለምን?
2. የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ምን ያደርጋል?
3. በመንደራችሁ ስንት ውሾች አሉ? ስንቱ ተከትበዋል? ቆጥራችሁ ጻፉ።